የመርሳት በሽታ ስልጠና ከባልዲው ይጀምር

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ስለ አረጋውያን እንክብካቤ የሚሰጥ ስልጠና መልኩ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የሆቴል አዳራሽ ይያዛል፣ ፕሮጀክተር ይተከላል፣ ለሁለት ቀን ስለ አንጎል ይወራል፣ በመጨረሻም አበል ተፈርሞ ሰርተፍኬት ይታደላል። ሠልጣኟ የአልዛይመርን ደረጃዎች በቃሏ ይዛ ትወጣለች። በማግስቱ ግን አንዲት እናት «ልብሴን አትንኪ!» ብለው እጇን ሲቧጭሯት ምን እንደምታደርግ አታውቅም። ያው እንደ ድሮው ለሁለት ይዘው ያጥቧቸዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚያወራው እጅ ስለሚሠራው ሥራ ነው። በመርጃ ማዕከል ለምትሠራ አስታማሚ፣ ቤት ውስጥ አባቷን ለምትጦር ልጅ፣ ለቤት ሠራተኛ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ለጤና ጣቢያ ነርስ የተጻፈ ነው። ስለ በሽታው ራሱ አንድ አንቀጽ ይበቃል። የመርሳት በሽታ አንድ በሽታ አይደለም። ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልዛይመር ነው፤ ከስትሮክና ከደም ግፊት ጋር የተያያዘው ይከተለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደያዘ፣ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላዩ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖር ይገልጻል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት ለአንዳንዱ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ትንሽ ያግዛሉ እንጂ በሽታውን አያቆሙትም። የቀረው ሁሉ እንክብካቤ ነው።

ትናንት የጀመረ ከሆነ

የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። ከትናንት በስቲያ የእድር ሂሳብ ያስተካከሉ አባት ዛሬ ልጃቸውን ካላወቁ፣ ጠዋት ነቅተው ከሰዓት ከደነዘዙ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሞች ዲሊሪየም የሚሉት ድንገተኛ መቃዠት ነው፤ በዚያው ቀን ሕክምና ይፈልጋል። ክፋቱ የመርሳት በሽታ ባለበት ሰው ላይም መደረቡ ነው። «በሽታው ብሶባቸው ነው» ተብሎ ብዙ ሰው የሚታለፈው ያኔ ነው።

መለያው ቀላል ነው። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ እስከ ሰኞ እንዲቆጥሩ ጠይቁ። የመርሳት በሽታው ገና ጅማሬ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይወጣዋል። ዲሊሪየም ያለበት ሰው ሐሳቡ መሀል ላይ ይበተናል፤ ዓርብ ላይ ቆሞ ስለ ሌላ ነገር ያወራል፣ ወይም እየጠየቃችሁት ያንቀላፋል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከአንገት በታች ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከሁሉ በፊት ስኳራቸው ይለካ፤ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ወስደው ቁርስ የዘለሉ ሰው ስኳራቸው ወርዶ ሊቃዡ ይችላሉ። ቀጥሎ ትኩሳት፣ ኦክስጅንና የደም ግፊት ይታይ። ከዚያ ሽንት፦ ያቃጥላቸዋል ወይ? ወይስ ከነጭራሹ ተይዞባቸዋል? እምብርት በታች በእጅ ሲነካ ጠጠር ብሎ የሚያም ከሆነ ሽንቱ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰገራ አለመውጣትም አረጋዊን ያስቃዣል። የሳንባ ምች በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ያለ ሳል፣ ያለ ትኩሳትም ይመጣል። መውደቅም ይጠየቅ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነ ቢሆንም ይነገር፤ በአንጎል ሽፋን ሥር ደም ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላልና።

ሁለቱ ከተሞች እዚህ ላይ ይለያያሉ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከክረምቱ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የወባ ምርመራ መዘንጋት የለበትም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱ ሰውን በር ዘግቶ ከሰል እንዲያነድ ያደርገዋል። ጠዋት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዟቸው ግራ የተጋቡ እናት፣ ወጥተው ንጹሕ አየር ሲያገኙ ከተሻላቸው፣ ተጠያቂው የከሰሉ ጭስ ነው። እዚያው ክፍል ያደሩት ሌሎች ሰዎች ራሳቸውን አሟቸው እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ሁሉም ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ያልተማረ ሰው በተማረ ሰው ጥያቄ ሲፈተን

በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 30 ነጥቡ የአእምሮ መመዘኛ ዛሬም በየሆስፒታሉ ይሠራበታል። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ የተጠላለፈ ባለ አምስት ጎን ቅርጽ አይቶ መሣል ይጠይቃል። እርሳስ ይዘው የማያውቁ የወረባቦ እናት ጤነኛ ሆነው ሳለ ይወድቁበታል። ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ በሽታው ጀምሯቸውም ያልፉታል። በዚህ ነጥብ ብቻ የሚሰጥ ምርመራ እኛ ዘንድ ብዙም አያስተማምንም።

የሚሻለው ለዓመታት አብሯቸው የኖረን ሰው ለብቻ ወስዶ መጠየቅ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ያለ ችግር ያደርጉት የነበረ፣ አሁን ግን የሚያቅታቸው ምንድን ነው? ሰኞ ገበያ መልስ መቁጠር ተስኗቸዋል? ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ይጨምራሉ? ሶላት ላይ የረከዓው ቁጥር ይጠፋባቸዋል? ለቅሶ ደርሰው ተመልሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለዚያው ለቅሶ እንደገና ይነሳሉ? እንዲህ ያለው መልስ ከነጥቡ ይበልጣል። ቀን ስትጠይቁም «ስንተኛው ቀን ነው?» ከምትሉ «ምን ጾም ላይ ነን? ሮመዳን አለፈ ወይስ ይመጣል? ገበያው መቼ ነው?» በሉ። ሰዓትም በእኛ አቆጣጠር ይሁን።

አፍ የፈቱበትን ቋንቋ ማወቅም ግድ ነው። ወሎ ውስጥ በኦሮምኛ ወይም በአርጎብኛ አድገው ዕድሜያቸውን በአማርኛ የኖሩ አረጋውያን አሉ። በሽታው እየገፋ ሲሄድ በኋላ የተለመደው ቋንቋ ቀድሞ ሊሸሽ ይችላል። «መናገር አቁመዋል» የተባሉ ሰው በልጅነታቸው ቋንቋ ሰላምታ ሲሰጣቸው የሚመልሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቢያንስ ይሞከር።

ከጥያቄው በፊት ደግሞ ጆሮ ይታይ። ጆሯቸው በኩክ የተደፈነ ሰው የረሳ ይመስላል። የዓይን ሞራ ግርዶሽም እንዲሁ ነው፤ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ቅርብ ስለሆነ ለዚህ ምክንያት አይኖርም። የታይሮይድ ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት (በተለይ ሜትፎርሚንን ለዓመታት የወሰዱ)፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ በደም ምርመራ ይጣራሉ። ድብርትም የመርሳት በሽታ ይመስላል። በድብርት የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይሞክር «አላውቅም፣ ተዉኝ» ይላል፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ግን ይሞክራል፣ ያልሆነውንም እንደሆነ አድርጎ ይመልሳል። እነዚህ ከታወቁ ብዙዎቹ የሚታከሙ ናቸው። በደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራ።

የመድኃኒት ፌስታል

ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከትራስ ሥር ያለውንም፣ ከጎረቤት የተለመነውንም፣ በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ አፍስሱለት። የሚፈለጉት አእምሮን የሚያደነዝዙት ናቸው፦ ለእንቅልፍ ወይም ለሕመም የተሰጠ አሚትሪፕቲሊን፣ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለ ክሎርፌኒራሚን፣ አርቴን፣ ዲያዜፓም፣ ለሆድ ቁርጠት የሚዋጥ ሃዮሲን። አንዱ እንኳ አፍ አድርቆ፣ ሆድ አድርቆ፣ ሽንት ይዞ ሰውን ያስቃዣል፤ ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ ደግሞ ይብሳል። ዲያዜፓም ለወራት ከተወሰደ ግን በአንድ ቀን አይቆምም፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ማረጋጊያ የሚባሉት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችስ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 እ.ኤ.አ. በአዳዲሶቹ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ባሉት ነባሮቹ ላይ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ዘንድ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፏል። የምር አደጋ ሲኖር፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ፣ ሐኪም ሃሎፔሪዶልን ከ0.5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ካነሰ ሊጀምር ይችላል። ለጎልማሳ ታካሚ የሚታዘዘውን 5 ሚሊግራም ለሰማንያ ዓመት አረጋዊት መስጠት ግን ሰውነታቸውን አድርቆ፣ ምራቅ አስቸግሮ፣ ከወንበር እንዳይነሱ ያደርጋል። የተጀመረም ቢሆን በየጥቂት ሳምንቱ «ይቀነስ ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። «ዝም ብለዋል፣ ተሽሏቸዋል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ደንዝዘው ነው።

ገላ

ከሁሉ በላይ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንቆይ። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የማያውቀው ሰው ልብሱን ሲያወልቅበት፣ ከኋላው በጆግ ውሃ ራሱ ላይ ሲፈስበት፣ ብርዱ ሲሰማው ይታገላል። ማንም ይታገላል።

ሰዓቱን ምረጡ። ደሴ ላይ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትበረታ ይሁን። ክፍሉ ቀድሞ ይሙቅ፤ ከሰል ከሆነ የሚሞቀው፣ እሳቱ ወጥቶ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ይግቡ። ሰውየውን ከማምጣታችሁ በፊት ሁሉም ነገር እጃችሁ ሥር ይሁን፦ የሞቀ ውሃ በባልዲ፣ ለማለስለሻ ቀዝቃዛ በጀሪካን፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ ሁለት ትናንሽ ጨርቅ፣ ሦስት ፎጣ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ የሚቀየር ልብስ በሚለበስበት ቅደም ተከተል የተደረደረ፣ የማያንሸራትት የፕላስቲክ ወንበር። መሀል ላይ ፎጣ ፍለጋ የሄደች አስታማሚ ስትመለስ ጠብ ይጠብቃታል። በዚያ ላይ ብቻቸውን የተተዉ ሰው ሊወድቁ ይችላሉ።

ውሃው ከ40 ዲግሪ አይበልጥ። ቴርሞሜትር ከሌለ ክርናችሁን ንከሩበት፤ ለክርን ለስለስ ያለ ሙቀት ሊሰማ ይገባል። የስኳር ሕመምተኛ እግር ስለሚደነዝዝ ሲቃጠልም ላያውቅ ይችላል።

«ገላዎን ልጠብዎ» ብላችሁ አትጀምሩ። ፊት ለፊት ኑ፣ ዝቅ ብላችሁ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ በለመዱት ስም ጥሯቸው። ሐጂ ከሆኑ ሐጂ፣ መምሬ ከሆኑ መምሬ፣ እማማ ከሆኑ እማማ፣ ሰው ፊት አንቱታው ሳይጓደል። ሰላምታው ይርዘም፤ በወሎ ልማድ ሰላምታ ላይ የሚቸኩል ሰው ቀድሞውንም አይታመንም። ከዚያ «እማማ፣ ውሃው ሞቋል፣ እግርዎን ነከር ያድርጉት» በሉ። ከእግር ጀምሩ፤ ራስና ፊት መጨረሻ ላይ ነው፣ ራስ ላይም ውሃ አይፈስስም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ለሶላት ዕድሜ ልካቸውን የታጠቡ ሰው ከሆኑ ደግሞ የውዱእን ቅደም ተከተል ተጠቀሙበት። ውሃውን እጃቸው ላይ አንጠባጥቡና ራሳቸው ይቀጥሉ። አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ እስከ ክርን እጅ፣ ራስ፣ እግር፤ እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል። ስም የጠፋባት እጅ ቅደም ተከተሉን ለረጅም ጊዜ አትረሳም።

ሙሉ ገላ በአንድ ጊዜ አይራቆት። ትልቅ ፎጣ ወይም ነጠላ ደርባችሁ የምታጥቡትን ክፍል ብቻ ግለጡ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ሸፍኑ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። አንድ ጨርቅ እጃቸው ላይ ይሁን፤ ሥራ የያዘ እጅ አይቧጭርም። የምትናገሩት አጭር ይሁን፤ «አሁን ግራ እጅዎን» በቃ። ሁለት ሰው ባንዴ አያውራ። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ይጠብ። የባል አባትን ምራት እንድታጥብ ማድረግ ለሁለቱም ውርደት ነው፤ ለጠቡም ግማሽ ምክንያት ነው።

ሁለቴ እምቢ ካሉ አቁሙ። ሸፍኗቸው፣ ሻይ ስጧቸው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደ አዲስ ኑ፤ የቅድሙን ጠብ ሊረሱት ይችላሉ፣ ስሜቱ ግን ስለሚቆይ ፊታችሁ ፈገግ ያለ ይሁን። ሙሉ ገላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። በየቀኑ ፊት፣ ብብት፣ ጭን መሀልና እግር ከታጠበ ማንም አይሸትም። የተጨማደደ ቆዳ መሀል በደንብ ይድረቅ፤ የሚቆስለው እዚያ ነው። እየታጠቡ የሚያቃስቱበትን ቦታ መዝግቡ፤ ትከሻ ሲነሳ ከጮኹ ያማቸው ትከሻ ነው እንጂ ውሃው አይደለም።

ሕመምን ቃል ለሌለው ሰው በአምስት ነገር ይለኩታል፦ አተነፋፈስ፣ ማቃሰት፣ የፊት ገጽታ፣ የሰውነት መኮማተር፣ ሲያባብሏቸው መረጋጋት አለመረጋጋት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ10 ነው። ይህ መለኪያ ተሞልቶ ለነርሷ ከደረሰ፣ ማረጋጊያ ሊታዘዝለት የነበረ ሰው በሰዓቱ በሚሰጥ ፓራሲታሞል ሊረጋጋ ይችላል።

ማዕድ

እንጀራ ለዚህ በሽታ የተመቸ ምግብ ነው፤ ማንኪያ ግራ የሚያጋባው ሰው በእጁ ይበላል። የሚበላሸው አቀራረቡ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት ወጥ፣ አይብ፣ ሰላጣ ባንዴ ሲቀርብ ሰውየው ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም። አንድ ወጥ ብቻ፣ ለስለስ ያለ፣ ቀለሙ ከሳህኑ የሚለይ አቅርቡ። ጥቅልል አድርጎ በጉርሻ ልክ መቁረጥ ራስ በራስ መብላትን ያቆያል። አብሯቸው የሚበላ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ሌላው ሲጎርስ አይተው ይጎርሳሉ።

የምታጎርሱ ከሆነ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸው ወደ ላይ አይቅና፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ሳይዋጥ ሁለተኛው አይግባ። ሲዋጥ ማንቁርት ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ትን የሚላቸው ከሆነ፣ ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው እንደ እርጥብ የሚሻክር ከሆነ፣ ውሃ የሚያስቸግር ሆኖ ወፈር ያለ አጥሚት ይቀላቸው እንደሆነ ለባለሙያ ንገሩ። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ። ተኝተው ማጉረስ የሳንባ ምች መጥራት ነው። የማይበሉም ከሆነ መጀመሪያ አፍ በባትሪ ይታይ፤ የተሰበረ ጥርስና የቆሰለ ድድ ብዙ ጊዜ «ምግብ ጠሉ» ተብሎ ያልፋል።

ፈሳሽ በቀን 1.5 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ሐኪም ከገደበው በስተቀር። ለመለካት ጠዋት አንድ ትልቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሙሉበት፤ ከርሱ እየቀዳችሁ ስጡ፤ ማታ የቀረውን ተመልከቱ። ቡናውን አትከልክሉ፣ ሥነ ሥርዓቱ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ግን ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ በረካው ብቻ ይድረሳቸው። ጫት የለመዱ አባት ከሆኑ እንቅልፍ፣ ምግብና ሆድ ሦስቱንም እንደሚነካ ቤተሰቡ ይወቅ።

ክብደት በወር አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሚዛን ይለካ። 50 ኪሎ የነበሩ ሰው በወር 2.5 ኪሎ ወይም በስድስት ወር 5 ኪሎ ከቀነሱ ጤና ጣቢያ ይታዩ።

ትራስ ሥር ዳቦ ወይም ቆሎ የሚደብቁ አረጋዊት ሲያጋጥሙ ደግሞ ዕድሜያቸውን አስሉ። የ1965 እና 66ቱን፣ ቀጥሎም የ1977ቱን ረሃብ ወሎ ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነው። ነጥቆ መጣል ያስደነግጣቸዋል። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ስጧቸው፣ ቆሎ ይሙሉበት፣ የሻገተውን ሲተኙ ቀይሩት። በ2014 ዓ.ም. በሁለቱ ከተሞች ያለፈው ጦርነትም እንዲሁ ነው። ርችት ወይም የሠርግ ተኩስ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገቡ ከሆነ፣ ሠርግ ባለበት ቀን ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ።

«ቤቴ ልሂድ»፣ «ብሬን ሰረቃችሁኝ»

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ይረበሻሉ። መብራት ከመጨለሙ በፊት ይብራ፤ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ላይ የሚወዛወዝ የሻማ ጥላ ሰው ሊመስላቸው ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ ፋኖስ ይሻላል። «ቤቴ ልሂድ» ሲሉ «ይኸው ቤትዎ ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። «ቤትዎ ማን አለ? ከብቱን ማን ያስገባል?» ብላችሁ አስወሯቸው፤ አብራችሁ ግቢውን ዞር ዞር በሉ፤ ሽንት ቤት መሄድ ፈልገው እንደሆነም ሞክሩ። በር ከውጭ በቁልፍ አይዘጋ፤ እሳት ቢነሳ መውጫ የለም። በገመድ ማሰር ደግሞ ከመውደቅ አያድንም፤ ይልቁንም ያቆስላል፣ ሊያንቅም ይችላል።

ስልክ ቁጥር በጋቢው ወይም በነጠላው ጠርዝ በክር ይጠለፍ፤ ወረቀት ይጣላል፣ ጥልፍ አይጣልም። የሰፈር ባለ ሱቅ፣ የባጃጅ ሾፌሮችና የመስጊዱ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ አስቀድመው ይወቋቸው። ከጠፉ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ሽንት ቤትና አልጋ ሥር ፈልጉ። ከዚያ ወደ ድሮ ሰፈራቸው፣ ወደ ገበያቸው፣ ወደ ገጠራቸው አቅጣጫ ውጡ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የባቲ መንገድና የአዲስ አበባው መውጫ ከባድ መኪና ስለሚበዛበት አንድ ሰው ቀድሞ ወደዚያ ይሂድ። ለፖሊስ ለመንገር እስኪመሽ አትጠብቁ፤ በመስጊዱ ማይክም አስነግሩ።

የስርቆት ክሱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በምራት ወይም በሠራተኛ ላይ ነው። ክርክር ክሱን ያጸናዋል። «ኸረ! እንፈልገው» ብላችሁ አብራችሁ ፈልጉ፤ ሲገኝ ራሳቸው ያግኙት። መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው የለመዱ እናት ከሆኑ ያንኑ የሚመስል ሁለተኛ መቀነት ከጥቂት ብር ጋር ቤት ውስጥ ይቀመጥ።

የማይገባ ጠባይ ሲደጋገም ሦስት ቀን መዝግቡ፦ ሰዓቱ፣ ከመሆኑ በፊት ምን ነበረ፣ ምን ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ምን አደረገ። «ይረብሻሉ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። «11፡20፣ ቲቪ ጮክ ብሎ፣ ሦስት እንግዳ ገብቶ፣ ሻይ ብርጭቆ ወረወሩ» የሚለው መፍትሔውን ራሱ ይናገራል።

ጠበልና ዱዓ

ቤተሰቡ ከሆስፒታል በፊት ወይም ጎን ለጎን ወደ ጠበልና ወደ ሼሁ ይሄዳል። ይህን መቃወም ቤተሰቡን ማጣት ብቻ ነው የሚያተርፈው። የሚለመነው ሦስት ነገር ነው፦ የግፊትና የስኳር መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ በሌሊት ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጠመቁ፣ እንዳይታሰሩ። ጾምም ይነሳል። አእምሮው የከዳውን ሰው እስልምና ከጾም ግዴታ ነፃ ያደርገዋል፤ ክርስቲያኑም የንስሐ አባቱን ያማክር። አብዛኛው አረጋዊ ከነርስ ይልቅ ከሼሁና ከመምሬው ስለሚቀበል፣ ሁለቱም በስልጠናው ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይቀመጡ።

ስልጠናው ራሱ

የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት ጠቃሚ ጽሑፎች አሉት። በ2016 እ.ኤ.አ. የታደሰው የኤምኤችጋፕ መመሪያ ለጤና ባለሙያ ስለ መርሳት በሽታ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይዟል። በ2019 የወጣው አይሰፖርት ደግሞ ለቤተሰብ አስታማሚ የተዘጋጀ ባለ አምስት ክፍል ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ እጅ ግን አያሠለጥኑም።

ሁለት ሙሉ ቀን ከማድረግ፣ 90 ደቂቃ የሚፈጅ ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንት አንድ፣ ሥራው በሚሠራበት ቤት ውስጥ፣ ከ8 እስከ 12 ሰው ይዞ ይሁን። አንደኛው ስለ ድንገተኛ መቃዠትና ስለ መድኃኒት ፌስታሉ፣ ሁለተኛው ስለ አነጋገር፣ ሦስተኛው ገላ፣ አራተኛው ማዕድና ትንታ፣ አምስተኛው ጠባይና ምዝገባው፣ ስድስተኛው ሕመምና አልጋ ላይ የዋለ ሰው (በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዝን ከፍራሽ ማንሳት)። ንግግሩ ከ20 ደቂቃ አይለፍ። የቀረው ሠልጣኝ ለሠልጣኝ የሚሠራው ነው። መነጽር ላይ ቫዝሊን ቀብታችሁ፣ ጆሮ በጥጥ ደፍናችሁ፣ ጫማ ውስጥ አተር ጨምራችሁ ሠልጣኟን አስቀምጡ፤ ሌላዋ ሳታናግራት በፍጥነት ገንፎ ታጉርሳት፤ ከዚያ ከኋላ መጥታ ሻርፗን ትሳብ። ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ለሳምንቱ አንድ የቤት ሥራ ይስጥ፦ አንድ ሰው መርጦ የሕይወት ገጹን መሙላት። የት ተወለዱ፣ ምን ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ ወይስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገቡ፣ ማን ይባሉ፣ ምን ይወዳሉ፣ ምን ያስደነግጣቸዋል። ገጹ ፋይል ውስጥ ሳይሆን አልጋው አጠገብ ይሰቀል፤ የቤተሰብ ምስጢር ግን አይጻፍበት።

የሚከሽፍባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ምግብ አብሳይዋ፣ ጽዳት ሠራተኛዋና የሌሊት ዘበኛው አይጠሩም፤ አረጋውያኑን ሌሊት የሚያያቸው ግን ዘበኛው ነው። ኃላፊው መክፈቻ ንግግር አድርጎ ይሄዳል፤ በኋላ አስታማሚዋ 20 ደቂቃ ጠብቃ ስትመለስ «ለምን አልጨረስሽም?» ብሎ ይቆጣታል፣ ስልጠናውም እዚያ ላይ ያበቃል። ሠራተኛ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ አዲስ የገባች ከሠለጠነች ጋር ሰባት ፈረቃ ተጣምራ ትሥራ። የሞቀ ውሃና በቂ ፎጣ የሌለው ማዕከል ደግሞ ምንም ቢሠለጥን ገላው ጠብ ሆኖ ይቀጥላል። በጀቱ ከጠበበ ከአበሉ ላይ ተቀንሶ ፎጣ ይገዛ።

ቤት ውስጥ ሸክሙ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ነው። እድሩ ውስጥ ከሠለጠኑ ሴቶች ሁለት ሦስቱ በሳምንት ለሁለት ሰዓት ተራ ቢገቡላት፣ ገበያ ወጥታ ትመለሳለች፣ ትተኛለች። እድር ድንኳንና ወንበር ማዘዋወር ካወቀ ይህንንም ያውቅበታል።

ከስልጠናው በፊት ሁለት ሳምንት አራት ቁጥር ያዙ፦ በሳምንት ስንት ገላ መታጠብ በጠብ አለቀ፣ ስንት ሰው ወደቀ፣ ስንት ሰው ማረጋጊያ ይወስዳል፣ የስንት ሰው ክብደት ቀነሰ። ከስልጠናው በኋላ በሁለተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር ተቆጣጣሪዋ እያንዳንዷን አስታማሚ ለ10 ደቂቃ ሥራ ላይ ትያት፦ ፊት ለፊት መጣች? በማዕረጋቸው ጠራች? እቃው ቀድሞ ተዘጋጀ? ሰውነታቸው ተሸፍኖ ነበር? እምቢ ሲሉ ቆመች? ያየችውን እዚያው ትንገራት እንጂ ለሪፖርት አታቆየው። አራቱ ቁጥሮች ካልቀነሱ በፈረቃ ለያይታችሁ ተመልከቱ። ጠቡ ሌሊት ገቢዎች ላይ ከተከማቸ፣ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ለእነሱ ይሁን፤ በሚገቡበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይም ቢሆን።